የማጅራቱ ብረት

የእናቴ አክስት ሳሎን ግድግዳ ላይ ሦስት ነገሮች ተሰቅለዋል፤ የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል፣ መሥራት ካቆመ ብዙ ዘመን የሆነው ሰዓት፣ እና መስተዋት የገባለት አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ። በፎቶግራፉ ላይ እማማ ገና ኮረዳ ናቸው። ነጭ ቀሚስ ለብሰዋል፤ ፀጉራቸው ወደ ላይ ተቆልሏል፤ ከበስተኋላቸው በመጋረጃ ላይ የተሣለ ሐይቅና በአገራችን ምድር በቅሎ የማያውቅ ዛፍ ይታያል። ፊታቸው ጭጭ ያለ ነው፤ ሳቅም ልቅሶም የለበትም። ነገር ግን ምስሉ ዐይን ይቆረቁራል። ወርዱ ከቁመቱ ጋር አይመጣጠንም፤ የእማማም ቀኝ እጅ ከክርን በታች የለም። እማማ ሁለት እጅ አላቸው፤ ዛሬም ቡና ያፈሉበታል። ያ የጎደለው እጅ ፎቶግራፉ በተነሣበት ሰዓት የተቀመጠ ሰው ትከሻ ላይ ነበር። ሰውዬው ባላቸው ነበሩ። በኋላ በመቀስ ሲወጡ እጁን ይዘው ወጡ።

ጀርባው ላይ የአንድ የፒያሳ ፎቶ ቤት ማኅተም አለ፤ ከሥሩ በቀለም 1957 ዓ.ም. ተብሎ ተጽፏል።

ምስሉን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። እንደ አዲስ እንዳየው ያደረገኝ ግን ከሞተ መቶ አርባ ዓመት ያለፈው አንድ ፈረንሳዊ ነው፤ ኦኖሬ ዶሚዬ። የዚህን ሰው የፌዝ ሥዕሎች የያዘ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ ከአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴ ገዝቼ ማታ ማታ ሳገላብጥ አንዷ ሥዕል ላይ ቆምኩ። እ.ኤ.አ. በ1847 «ለ ሻሪቫሪ» በተባለው የፓሪስ የቀልድ ጋዜጣ የወጣች ናት። ደኅና ኑሮ ያለው አንድ ከተሜ ፎቶግራፍ ሊነሣ ተቀምጧል። ከኋላው የቆመ የብረት መደገፊያ ራሱን ቀርቅሮ ይዞታል። አርእስቷ፣ ያማረ ፎቶግራፍ ለማግኘት ከሁሉ የሚመቸው አቀማመጥ ይኸ ነው ይባላል፣ እንደማለት ነው። ሰውዬው ግን መልኩን ሊያስቀር ሳይሆን ጥርሱን ሊያስነቅል የመጣ ይመስላል።

ብረቱን ዶሚዬ አልፈጠረውም። በፎቶግራፍ የመጀመሪያ ዓመታት ምስሉ ብር በተለበጠው የመዳብ ሰሌዳ ላይ እስኪቀረጽ ብዙ ደቂቃ ይፈጅ ነበር፤ ጥበቡ ተሻሽሎ ከአንድ ደቂቃ በታች ሲወርድም ሰው ያን ያህል ጊዜ ሳይነቃነቅ መቀመጥ አይሆንለትም። ስለዚህ ፎቶ ቤቶች ከወንበሩ ኋላ የማጅራት ብረት ያቆሙ ነበር። ብረቱ በተነሺው ራስ ስለሚጋረድ ፎቶግራፉ ላይ አይታይም። ሰውዬው ቀጥ ብሎ፣ ኮራ ብሎ፣ የተከበረ መስሎ ይወጣል። ዶሚዬ ያደረገው ከጎን ዞር ብሎ ብረቱን ማሳየት ነው።

እንግዲህ ይህቺን ሥዕል ካየሁ በኋላ በየዘመዱ ቤት በየአልበሙ የማያቸው የፒያሳ ጥንዶች ሁሉ ኋላቸው ብረት ያለ ይመስለኝ ጀመር። አንባቢ ይታገሰኝና ይህን ጥርጣሬዬን ላስረዳ።

ፈረንሳዮቹ በካሜራ ለመቀለድ ጊዜ አላባከኑም። የዳጌር ግኝት በፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ የተነገረው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1839 ነው፤ አሠራሩ በዝርዝር የተገለጸው በኦገስት። ዲሴምበር ላይ ቴዎዶር ሞሪሴ የተባለ ሠዓሊ የሕዝቡን እብደት የሚያሳይ ሥዕል አውጥቶ ነበር። ሕዝብ እንደ ጉንዳን ፎቶ ቤቱን ከብቧል፤ ካሜራ በባቡር ይጫናል፤ ካሜራ በባሉን ወደ ሰማይ ይወጣል፤ በአንድ ጥግ ደግሞ እንጀራቸው የተነካባቸው የቅርጽ ባለሙያዎች ራሳቸውን የሚሰቅሉበት መስቀያ በኪራይ ቀርቦላቸዋል። አንዳንዶቹም ተከራይተው ጨርሰዋል። ዶሚዬ በ1840 ከካሜራው ጎን ሆኖ የሚጠብቀውን ሰው ሣለና ትዕግሥት የአህያ ጠባይ ነው በሚል አርእስት አወጣው። በ1862 ደግሞ ዝነኛው ፎቶ አንሺ ናዳር ባሉን ላይ ሆኖ ፓሪስን ከላይ ሲያነሣ ሣለው፤ ከታች ያሉት ቤቶች ሁሉ «ፎቶግራፍ» የሚል ጽሑፍ ለብሰዋል።

ታዲያ እነዚህ ሰዎች ፎቶግራፍንና ትዳርን ምን አገናኛቸው? መልሱ ያለው በመንግሥት ሕግ ውስጥ ነው። ዶሚዬ ወጣት ሳለ ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕን የድኻውን ግብር የሚውጥ ግዙፍ ሆዳም አድርጎ በመሣሉ እ.ኤ.አ. በ1832 ስድስት ወር ተፈርዶበት ታስሯል። በ1835 የወጣው የፕሬስ ሕግ ደግሞ የፖለቲካ ፌዝ ሥዕልን አፈነ። ንጉሡን መንካት የተከለከለው ብዕር ባልን መንካት ጀመረ። ዶሚዬ ከ1839 እስከ 1842 ድረስ የባልና ሚስትን ጠባይ የሚያሳዩ ስድሳ ያህል ሥዕሎችን በተከታታይ አወጣ። የዳጌር ካሜራ ፓሪስን ያሳበደው በነዚሁ ዓመታት ነው። ጋዜጣው አንድ፣ ሠዓሊው አንድ፣ አንባቢውም አንድ ነበር። ያ አንባቢ፣ እሑድ ከሚስቱ ጋር ፎቶግራፍ የተነሣው ሰው፣ ሰኞ ወይም ማክሰኞ ጋዜጣውን ገልጦ ራሱን ሌላ መልክ ይዞ ያገኘዋል። በፎቶግራፉ ላይ የቤቱ ጌታ ነው። በሥዕሉ ላይ ሚስቱ የሰለቸችው፣ ሆዱ የገፋ፣ ራሱ በብረት የተያዘ ምስኪን ነው። ሁለቱም ምስል እውነት ነው፤ ፓሪስ ሁለቱንም ነበራት።

የኛዋ አራዳ አንዱን ብቻ ነው የያዘችው።

ካሜራ ወደ አገራችን ሲገባ በገበያ በር አልገባም። እ.ኤ.አ. በ1859 ከሚሲዮናዊው ሄንሪ ስተርን ጋር መጣ፤ በ1868 ከናፒየር ጦር ጋር መቅደላ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ቤተ መንግሥት ገባ። እ.ኤ.አ. በ1905 ወደ ኢትዮጵያ የመጣው አርመናዊ ቤድሮስ ቦያጂያን የዳግማዊ ምኒልክ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ ሥራውን ወርሰው እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ዘለቁ። ማለትም ሰው በካሜራ ፊት እንዴት እንደሚቀመጥ የተማርነው ከነገሥታትና ከመኳንንት ነው። ፓሪስ ውስጥ ካሜራው የመንገድ ወሬ ነበር፤ እኛ ዘንድ የማዕረግ ዕቃ ሆነ። በማዕረግ ዕቃ ደግሞ ማን ይቀልዳል?

ሌላም ነገር አለ፤ ይኸኛው የራሳችን ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቅ ሁለት ዐይኑ ይታያል፤ ኃጥእና ሰይጣን በጎን ይሣልና አንድ ዐይን ብቻ ይቀርለታል። በመጨረሻው እራት ሥዕል ይሁዳን ለመለየት ዐይን መቁጠር ይበቃል። በዚህ ሥዕል ዐይኑ የተገራ ሰው ፎቶ ቤት ሲገባ ፊት ለፊት ፍጥጥ ብሎ መነሣቱ ምን ይደንቃል? የ1950ዎቹንና የ60ዎቹን የጥንዶች ፎቶግራፍ ተመልከቱ። ባልና ሚስት ካሜራውን ነው የሚያዩት፤ እርስ በርሳቸው አይተያዩም። ጎን ለጎን እንደቆሙ ሁለት ቅዱሳን ናቸው። ፈረንሳዊው የፎቶ ባለሙያ ይህን ቢያይ ድርቅ ያለ ነው ሊል ይችላል፤ የኛ ሰው ዐይን ግን ቀጥ ያለ ትዳር ያይበታል።

ከቤተ መንግሥት ወደ አራዳ የወረደው ካሜራ ቀስ በቀስ የሁሉም ሆነ። ፒያሳ ወርቅ ቤቱና ልብስ ሰፊው፣ ኬክ ቤቱና ሲኒማው በአንድ የእግር መንገድ የሚገኙበት ቦታ ነበርና ለሠርግ የሚያስፈልገው ሁሉ እዚያው ያልቃል። ቀለበት የገዛ ሰው ሁለት ሱቅ አለፍ ብሎ መልኩን ያስቀር ነበር። ገጠር ያለ ዘመድ አዲስ አበባ የመጣበትን ጉዳይ ጨርሶ ከመመለሱ በፊት ፒያሳ ወጥቶ መነሣት እንደ ስለት ይቆጥረዋል። መቼም አማርኛችን ጉደኛ ነው፤ ሰው ቁጭ ብሎ ፎቶ «ይነሣል»። ባልና ሚስት ተቀምጠው «አብረው ተነሡ» ይባላል። በዚህ ቋንቋ የሚቀልድ ሠዓሊ አለመገኘቱ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አነሣሡ አንድ ዐይነት ነበር ማለት ይቻላል። ወንበሩ ላይ ባል፤ ከጎኑ ቆማ ሚስት፤ እጇ ትከሻው ላይ። እርግጥ ሴቷ የተቀመጠችበት፣ ወንዱ የቆመበትም አለ፤ እኔ በየአልበሙ ካየሁት ግን የመጀመሪያው ይበዛል። አቀማመጡ ራሱ ከካሜራው ጋር ከአውሮፓ የመጣ ነው፤ ዶሚዬም አሳምሮ ያውቀዋል። ፎቶ አንሺው ይህን ካበጀ በኋላ «ቀና! አገጭ ዝቅ! እንዳትነቃነቁ!» ይላል። በ1957 ዓ.ም. ካሜራው የማጅራት ብረት አያስፈልገውም ነበር፤ ከሰኮንድ ባነሰ ጊዜ ይጨርሳል። ታዲያ እማማን እንደዚያ ቀጥ አድርጎ ያቆማቸው ምንድን ነው?

በዚያን ጊዜ የሚሠራበት የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 635 ባል የቤተሰቡ አለቃ እንደሆነ፣ ሚስትም በሚያዛት ሕጋዊ ነገር ሁሉ ልትታዘዘው እንደሚገባ ይደነግግ ነበር። ያው ሕግ ለወንድ ማግቢያ ዕድሜ አሥራ ስምንት ሲያደርግ ለሴት አሥራ አምስት አድርጓል። ይህ ድንጋጌ የተለወጠው በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሲወጣ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ማለት ነው። አሁን ፎቶግራፉን እንደገና ተመልከቱት፤ የተቀመጠው አለቃ፣ የቆመችው ታዛዥ። ፎቶ አንሺው ሕግ አላነበበ ይሆናል፤ ግን ቁጥር 635ን በብርሃን ጽፎታል። ብረቱ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ይህን ሁሉ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የድሮ ፎቶግራፍ ፍቅር ከተማችንን ይዟታል። ከነዋሪዎች የቤተሰብ አልበም ተሰብስቦ የታተመው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተሰኘው መጽሐፍ የዚህ ፍቅር ትልቁ ፍሬ ነው፤ እኔም ወድጄዋለሁ። በሣጥን ውስጥ ሻጋታ ሊበላው የነበረ የከተማ ትዝታ አድኗል፤ ከነገሥታቱ ምስል ወደ ተራው ሰው ምስል ዐይናችንን መልሷል። ቅር የሚለኝ መጽሐፉ አይደለም፤ እኛ ተመልካቾቹ ነን። እነዚህን ምስሎች በየቡና ቤቱ፣ በየስልኩ እያሳየን «አይ ያኔ! ያኔ ትዳር ትዳር ነበር፤ እስቲ አቀማመጣቸውን እዩ» ስንል እሰማለሁ። የአቀማመጥ ክብርን የኑሮ ክብር አድርገን እያነበብን ነው። አንድ ወዳጄ የአያቶቹን ፎቶግራፍ አሳድጎ ለሠርጉ አዳራሽ ማስጌጫ አድርጎት ነበር። አያቱ በዚያ ፎቶግራፍ ማግሥት ወደ አባታቸው ቤት ኮብልለው በሽማግሌ እንደተመለሱ የነገሩኝ ግን እዚያው አዳራሽ ውስጥ የተቀመጡት እናቱ ናቸው። እየሳቁ ነው የነገሩኝ። ግድግዳው ላይ ያሉት አያት አይስቁም።

ፎቶ አንሺዎቹን መውቀስ ግን ግፍ ይሆናል። የሚከፈላቸው ሰውን አሳምረው እንዲያወጡ ነው። ኔጋቲቩን በቀጭን እርሳስ እየነካኩ የፊት ጠባሳ ያጠፉ፣ ለሙሽራ የሚያውሱት ኮት በሣጥን ያስቀመጡ፣ በአንድ መጋረጃ ሐይቅ ላይ ስንቱን ጥንድ ያሻገሩ ባለሙያዎች ናቸው። በጥላና ብርሃን አያያዝ ዛሬ በሺህ ብር ከሚያስነሣው ብዙ የሚበልጡ ነበሩ ባይ ነኝ። የጎደለው ከነሱ ሥራ ጎን መቆም የነበረበት ሌላ ባለሙያ ነው፤ ከጎን ዞር ብሎ የሚያይ።

ቀልዱ አልጠፋብንም፤ ቀልድማ ሞልቶናል። በሰባዎቹና በሰማንያዎቹ፣ ስደቱ በበዛበት ጊዜ፣ በሱዳን አድርጎ አሜሪካ የገባው ወገናችን አገር ቤት ፎቶግራፍ እየላከ፣ ፎቶግራፍ እየተላከለት የተጋባበትን ታሪክ የማያውቅ የአዲስ አበባ ቤተሰብ ጥቂት ነው። የሌላ ሰው መኪና ተደግፎ የተነሣው ሙሽራ፣ የታላቅ እኅቷ ፎቶግራፍ የተላከላት ሙሽሪት፣ ኤርፖርት ላይ ፎቶ ይዞ ከሰው ፊት ጋር ሲያስተያይ ያመሸው ዘመድ፤ ይህ ሁሉ በየለቅሶ ቤቱ ካርታ ሲጣል፣ በየቡናው ላይ ሲወራ ሆድ ያስይዛል። ግን በአፍ ቀረ። የዶሚዬ ብዕር ቢያገኝ ኖሮ ስድሳ ሥዕል ይወጣው ነበር።

ለምን በአፍ ቀረ? ፌዝ በአደባባይ ሲወጣ ምን እንደሚገጥመው አዲስ አበባ ቀድማ ታውቃለች። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት የፈረንሳዩን የላ ፎንቴንን ተረቶች መነሻ አድርገው «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮመዲያ»ን ጽፈው በቴራስ ሆቴል ሲያሳዩ፣ የመጀመሪያው ቴአትራችን ፌዝ ሆኖ ተወለደ፤ ወዲያውም በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ፓሪስ ላይ ፖለቲካው ሲታፈን ፌዙ ወደ ሳሎንና ወደ መኝታ ቤት ገባ። እኛ ዘንድ ሳሎኑም ታፈነ፤ የቤት ገመና ነዋ! ከብዙ ዘመን በኋላ መንግሥቱ ለማ በ«ጠልፎ በኪሴ»ና በ«ያላቻ ጋብቻ» ትዳርን መድረክ ላይ አውጥተው ሕዝቡን በሳቅ አፈረሱት፤ ለእኔ የኛ ዶሚዬ እሳቸው ናቸው። ሆኖም ቴአትር ያልፋል፤ መጋረጃው ሲዘጋ ግድግዳ ላይ የሚቀረው ፎቶግራፉ ነው። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ሕግ ከወጣ በኋላ የካርቱን ሥዕል በየጋዜጣው ሲፈላ ተስፋ አድርጌ የቆዩትን እትሞች አገላብጫለሁ፤ ባለሥልጣኑ ሆዱ ገፍቶ፣ አንገቱ ወፍሮ በየገጹ አለ። ፎቶ ቤት የተቀመጡ ባልና ሚስት አላገኘሁም። ፓሪስ ላይ የሆነው በኛ ተገልብጦ ሆነ፤ ንጉሡን መንካት ሲፈቀድ ባል ተረሳ።

ዛሬ ደግሞ ጥንዶቹ መተያየት ጀምረዋል። በየመናፈሻው ዐይን ለዐይን ተያይዘው፣ ግንባር ለግንባር ተጋጥመው፣ ሁለቱም በጎን ይነሣሉ፤ በድሮው ሠዓሊ ቋንቋ ሁለቱም ይሁዳ ናቸው። ካሜራ አንሺው «ሳቂ! በጆሮዋ አንድ ነገር በላት!» ይላል። ሙሽራው ምን እንደሚላት እንጃ። ከላይ ድሮን ያንዣብባል፤ ናዳር ከነባሉኑ መንግሥተ ሰማያት ሆኖ ሳይቀና አይቀርም። ያኔ እንዳትነቃነቁ ይባል ነበር፤ አሁን ተነቃነቁ ነው ትእዛዙ። ብረቱ ከማጅራት ወደ ከንፈር የተዛወረ ይመስለኛል።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፈሮች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ዶሮ ማነቂያ አካባቢ ቆሜ አየሁ። የግማሽ ቤት ግድግዳ ሰማያዊ ቀለሙን ይዞ ለፀሐይ ተሰጥቷል፤ ላዩ ላይ ክፈፍ ተሰቅሎበት የኖረበት ቦታ ከሌላው ግድግዳ ደመቅ ብሎ አራት ማዕዘን ሠርቷል። ሁለት አራት ማዕዘን ነበር፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ። ምን እንደተሰቀለባቸው ለመገመት ብዙ አላሰብኩም። የእማማ ፎቶግራፍ የተነሣበትን ቤት ግን ፈልጌ አጣሁት፤ ማኅተሙ ላይ ያለውን አድራሻ ይዤ ብዞር የሚያውቀው ሰው አላገኘሁም። ኔጋቲቩ ተርፎ ቢሆን ኖሮ ሰውዬውና እጁ እዚያ ላይ አብረው ይኖሩ ነበር።

ማታውኑ እማማ ዘንድ ሄድኩ። ቡና እስኪፈላ ጠብቄ የተቆረጠው ግማሽ የት እንደገባ ጠየቅኋቸው። ሰው ደፍሮ ጠይቋቸው የሚያውቅ አልመሰለኝም።

«ለእሱው ላክሁለት» አሉ፤ ረከቦቱን እያስተካከሉ።

«እጅዎትንም አብረው?»

«እጄንም! እንዴት ብዬ ልለየው? ፎቶ አንሺው እንደሆነ አጥብቆ አስይዞኝ ነበር።»